አጽም የገባበት ግቢ

(ድምፅ፦ ከሩቅ የሚሰማ ቅዳሴ፤ በጠጠር ላይ የሚራመድ እግር)

ተራኪ፦ ከፒያሳ ተነሥቶ አራት ኪሎን ያለፈ መንገደኛ፣ ከፓርላማው አጠገብ የመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን ያገኛል። ሥራው በጣሊያን ወረራ ተቋርጦ የተፈጸመው አገር ነፃ ከወጣች በኋላ ነው። ግቢውም የአርበኞች ማረፊያ ሆነ። ብዙ ጎብኚ ሕንፃውን አይቶ ይመለሳል። እኛ ግን የምንቆየው እውጭ፣ መቃብሮቹ ዘንድ ነው።

ከአርበኞቹ መካከል አንዲት እንግሊዛዊት አሉ፤ ሲልቪያ ፓንክረስት። በ1928 ዓ.ም. «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ መሥርተው፣ ዓለም ፊቱን ባዞረባት ኢትዮጵያ ስም ጮኹ። ኋላም ኑሯቸውን አዲስ አበባ አደረጉ። ያረፉት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው። ወለተ ክርስቶስ ተብለው በክብር ተቀበሩ። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም በ2009 ዓ.ም. እዚሁ ግቢ ዐርፈዋል።

(ድምፅ፦ የበገና ዜማ፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

ተራኪ፦ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከሌሎች ባለሥልጣናትና የጦር መኮንኖች ጋር በወታደራዊው ደርግ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። አስከሬናቸው ከርቸሌ ወህኒ ቤት ግቢ ውስጥ በጅምላ ተቀበረ። ፍትሐት አልተደረገላቸውም፤ ዘመድ አልሸኛቸውም። አጽማቸው ከዚያ ጉድጓድ ወጥቶ ቅድስት ሥላሴ የገባው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

የንጉሠ ነገሥቱም ነገር ከዚህ አይለይም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. መሞታቸው ተነገረ እንጂ የት እንደተቀበሩ አልተነገረም። አጽማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ። በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ለዓመታት ከቆየ በኋላ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በካቴድራሉ ውስጥ ከእቴጌ መነን ጎን ዐረፈ። ሃያ አምስት ዓመት! ለእኔ የዚህ ግቢ ትልቁ ታሪክ ይህ ነው፤ ቀብር የተነፈጉትን ዘግይቶም ቢሆን በስማቸው ተቀብሏል።

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን እዚህ ናቸው። ጥላሁን ገሠሠም እዚህ ነው። የእነርሱን መቃብር የሚጠይቅ አይጠፋም። የሚያሳስበኝ ከታዋቂዎቹ ጀርባ ያለው ረድፍ ነው።

(ድምፅ፦ ውኃ ሲፈስ፤ ለስላሳ ብሩሽ ድንጋይ ሲያሽ)

ተራኪ፦ ቀረብ ብላችሁ እዩ። እምነ በረዱ በዝናብና በጭስ ጠቁሯል። የተቀረጹት ፊደላት ጠርዛቸው ሟሙቷል፤ የሟቹ ስም ይነበባል፣ የአባት ስም ግን በጣት ተዳስሶ ነው የሚለየው። የዛፍ ሥር የመቃብሩን ክዳን ከአንድ ጎን ከፍ አድርጎታል።

ካቴድራሉ ራሱ በቅርብ ዓመታት ታድሷል። መቃብሮቹም እድሳት ይሻሉ፤ ነገር ግን በአሲድና በሽቦ ብሩሽ የሚደረግ እድሳት ከዝናቡ የባሰ ነው። አሲድ እምነ በረድን ይበላል። በተሰነጠቀ ለስላሳ ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ ሲሚንቶም እርጥበት አፍኖ ድንጋዩን ከውስጥ ያፈርሰዋል። የሚበጀው ንጹሕ ውኃ፣ ለስላሳ ብሩሽና ትዕግሥት ነው። አሮጌውን ድንጋይ ነቅሎ አዲስ ግራናይት መትከል ለዓይን ያምር ይሆናል፤ የዘመኑ የእጅ ጽሕፈትና ቀራጩ የደከመበት ሥራ ግን አብሮ ይሄዳል።

ከሁሉ በፊት መዝገብ ያስፈልጋል። በከተማችን የመቃብር ቦታ ጠቧል፤ ፉካው በፉካ ላይ ይደረደራል፤ ጠያቂ ያጣ አጽም ይፈልሳል። ስሙ ሳይመዘገብ የፈለሰ ሰው ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

አድማጮቻችን፣ በዚህ ግቢም ሆነ በሰፈራችሁ ደብር ዘመድ ያላችሁ፣ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎራ በሉ። ጽሑፉን ሳትነኩ ፎቶ አንሡ፤ ሙሉ ስሙንና ዘመኑን ጽፋችሁ ለሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ስጡ፤ አንድ ቅጂም ለልጆቻችሁ አስቀምጡ።