ዲፈረንሻልን መቆለፍ፦ በጭቃ ረዳት፣ በአስፋልት ጠንቅ

በክረምት ወራት በዋልካ መሬት የተያዘ መኪና ያየ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሞተሩ ያጓራል፤ ከኋላ ጎማዎች አንደኛው ጭቃ እየረጨ ይሽከረከራል፤ በደረቅ መሬት ላይ ያረፈው ሌላኛው ግን ንቅንቅ አይልም። መግፋት የሚችለው ጎማ ቆሞ የማይችለው የሚዞረው ለምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው በኋላ ዘንግ መካከል በተቀመጠው ዲፈረንሻል ውስጥ ነው።

ዲፈረንሻል ለምን አስፈለገ?

መኪና ሲታጠፍ የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይጓዛል። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ቢሆንና መኪናው 90 ዲግሪ ቢታጠፍ፣ የጉዟቸው ልዩነት 1.5 በግማሽ ፓይ ተባዝቶ 2.36 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ውጤት በመታጠፊያው ስፋት ላይ አይመሠረትም፤ በጠባብ ጥግም ሆነ በሰፊ ኩርባ ያው ነው። ጎማዎቹ በአንድ ድፍን ዘንግ ቢታሰሩ ኖሮ ልዩነቱን መሬት እየፋቁ ማካካስ ግድ ይሆንባቸው ነበር።

ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔከር እ.ኤ.አ. በ1827 ለእንፋሎት ተሽከርካሪ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዲፈረንሻል ይህን ችግር ይፈታል። በውስጡ ያሉት ማርሾች ጎማዎቹ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳሉ፤ ጠምዛዡን ኃይል፣ ማለትም ቶርክን፣ ግን ለሁለቱም እኩል ያካፍላሉ።

እኩል ክፍፍል ሲጎዳ

ችግሩ የሚመነጨው ከዚሁ እኩልነት ነው። በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ጎማ መሬትን መግፋት የሚችለው መሬት መልሶ በሚገፋው መጠን ብቻ ነው። በእያንዳንዱ የኋላ ጎማ ላይ 5,000 ኒውተን ክብደት አርፏል እንበል። የሰበቃ ኮኤፊሸንት በደረቁ መሬት 0.7፣ በጭቃው 0.1 ቢሆን፣ ደረቁ እስከ 3,500፣ ጭቃው እስከ 500 ኒውተን ይሰጣሉ። ዲፈረንሻሉ እኩል ስለሚያካፍል ግን በደረቁ ላይ ላለው ጎማም የሚደርሰው 500 ብቻ ነው፤ ድምሩ 1,000 ኒውተን። ነዳጅ መጨመር ጭቃ ላይ ያለውን ጎማ ከማፍጠን በቀር ፋይዳ የለውም።

ዲፈረንሻሉ ሲቆለፍ ግራና ቀኝ ያሉት ግማሽ ዘንጎች እንደ አንድ ድፍን ዘንግ ይያያዛሉ። አሁን እኩል የሚሆነው ፍጥነታቸው እንጂ ኃይላቸው አይደለም። እያንዳንዱ ጎማ መሬቱ የፈቀደለትን ያህል ይገፋል፤ 3,500 ሲደመር 500፣ 4,000 ኒውተን። በዚያው ሞተርና በዚያው ጎማ አራት እጥፍ ተገኘ ማለት ነው።

በአስፋልት ላይስ?

በጭቃና በአሸዋ ላይ ጎማ በቀላሉ ስለሚንሸራተት በመታጠፊያ የሚፈጠረው የጉዞ ልዩነት ያለ ብዙ ጉዳት ይካካሳል። በደረቅ አስፋልት ግን ሰበቃው ብርቱ ነው። ጎማ ያለ ዕድሜው ያልቃል፤ ዘንጎች ይጨነቃሉ፤ መሪው ቢጠመዘዝም መኪናው ወደ ቀጥታ ያዘነብላል።

በራሰ አስፋልት ላይ ያለው አደጋ ደግሞ የከፋ ነው። የጎማ ሰበቃ ወደፊት ለመግፋትም ሆነ ወደ ጎን ላለመንሸራተት የሚያገለግል አንድ ውሱን ሀብት ነው። ዲፈረንሻሉ ካልተቆለፈ አንዱ ጎማ በከንቱ ቢሽከረከር እንኳ ሌላው የመኪናውን ጀርባ ሊይዝ ይችላል። ከተቆለፈ ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ መሬቱን ሊለቁ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ጀርባው ወደ ጎን ይወረወራል።

ስለዚህ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል የዲፈረንሻል ማርሾችን ለዘለቄታው በብየዳ ማጣበቅ፣ በአስፋልት ለሚነዳ መኪና አደገኛ ቁጠባ ነው። የተሻለው፣ በአየር ግፊት ወይም በኤሌክትሪክ እየታዘዘ የሚቆለፍና የሚፈታ መሣሪያ ነው። እሱም ቢሆን ጎማው መሽከርከር ከመጀመሩ በፊት ሊቆለፍ፣ ጠንካራ መሬት እንደተደረሰም ሊፈታ ይገባል።

በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ሌላ ዘዴም አለ፤ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ የሚሽከረከረውን ጎማ ብቻ በፍሬን ይይዛል። በምሳሌያችን ፍሬኑ የ1,000 ኒውተን ያህል ተቃውሞ ቢጨምር መኪናውን የሚገፋው ጠቅላላ ኃይል ስንት ይሆናል? አንባቢ ራሱ ቢያሰላው 2,000 ኒውተን ያገኛል። ከ4,000 ያነሰበትን ምክንያት ለማወቅም ዲፈረንሻሉ አሁንም እኩል እያካፈለ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።