ዶሮዎችን በአንድ ቀን ማስታቀፍ፤ የጫጩት ሞትን የሚቀንስ ቀላል ዘዴ

በገጠር ዶሮ የሌለበት ግቢ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለት ወይም ሦስት እናት ዶሮ፣ አንድ አውራ፣ ጥቂት ቄቦችና ጫጩቶች በአብዛኛው ቤት አሉ። የጨው፣ የሳሙናና የደብተር ወጪ ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው የቤቱ እመቤት ገበያ ይዛ ከምትወጣው ዕንቁላልና ዶሮ ነው። በሬና ላም ለመሸጥ የቤተሰብ ምክክር ያስፈልጋል፤ ዶሮ ግን በአብዛኛው በእናቶች እጅ ያለች ፈጥና ገንዘብ የምትሆን ሀብት ናት።

ይሁን እንጂ የዶሮዎቹ ቁጥር ከዓመት ዓመት እምብዛም ሲጨምር አይታይም። ብዙ ሰው ምክንያቱ የአገር ዶሮ ትንሽ ዕንቁላል መጣሏ ነው ይላል። እርግጥ የአገራችን ዶሮ በተለመደው አያያዝ በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ነው የምትጥለው። በመፈልፈል በኩል ግን ችግር የለባትም። ጥሩ ጎጆና ጥሩ ዕንቁላል ካገኘች፣ ያለ መብራትና ያለ ነዳጅ፣ ከታቀፈችው ከአሥሩ ሰባቱን ስምንቱን ትፈለፍላለች። ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በፈንግል፣ በብርድ፣ በጭልፊትና በሸለምጥማጥ ማጣት የተለመደ ሆኗል።

ይህን ኪሳራ ለመቀነስ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ አሠራር አለ። ይኸውም ታቃፊ ዶሮዎችን በተለያየ ጊዜ ሳይሆን በአንድ ቀን ማስታቀፍ፣ ከተቻለም ጎረቤታሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲያስታቅፉ ማድረግ ነው።

በአንድ ቀን ማስታቀፍ ምን ይጠቅማል?

ሦስት እናት ዶሮ ያለውን ቤተሰብ ለምሳሌ እንውሰድ። ዶሮዎቹ በየተራ በየራሳቸው ጊዜ ከታቀፉ፣ እያንዳንዷ 21 ቀን ትታቀፋለች፤ ከዚያም ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ጫጩት ትመራለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዕንቁላል አትጥልም። በግቢው ውስጥም የሳምንት፣ የወርና የሁለት ወር ጫጩት ተቀላቅሎ ይውላል። ትልልቆቹ የትንንሾቹን መኖ ይቀማሉ፤ በሽታም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ ክትባት ለመስጠትም ዕድሜያቸው አይገጥምም።

እነዚሁ ሦስት ዶሮዎች በአንድ ምሽት አሥር አሥር ዕንቁላል ቢታቀፉ ግን ነገሩ ይለወጣል። በሰባተኛው ቀን ዕንቁላሎቹ በብርሃን ይመረመራሉ። ከ30ዎቹ ስድስቱ ዘር የሌላቸው ሆነው ቢገኙ፣ የቀሩት 24 ለሁለቱ ዶሮዎች አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ይከፈላሉ። ሦስተኛዋ ዶሮ ከመታቀፍ ነፃ ትሆንና ወደ ዕንቁላል መጣል ለመመለስ ትዘጋጃለች። ከ24ቱ 20 ቢፈለፈሉ፣ ሁሉም እኩያ ስለሆኑ በአንድ መኖ፣ በአንድ ማቆያና በአንድ የክትባት ቀን ማሳደግ ይቻላል።

ዶሮዎች በአንድ ቀን የመታቀፍ ፍላጎት አያሳዩም የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ቀድማ የተቀመጠችውን ዶሮ ለማቆየት በከሰል ምልክት የተደረገባቸው ሦስት አራት የማይፈለፈሉ ዕንቁላሎች ከሥሯ ማኖር ይበቃል። ሌሎቹ እስኪደርሱ ለአንድ ሳምንት ያህል በዚህ ሁኔታ ትቆያለች። ሁሉም ሲደርሱ በአንድ ምሽት ዋናዎቹ ዕንቁላሎች ይተካሉ። አንዲት ዶሮ ብቻ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር ቀን መቀጣጠር ይችላል።

የዕንቁላልና የታቃፊ ዶሮ መረጣ

ለማስታቀፍ የሚመረጠው ዕንቁላል አውራ ዶሮ ካለበት መንጋ የተገኘ መሆን አለበት። አንድ አውራ ለአሥር እናት ዶሮ ይበቃል። አውራው በየዓመቱ ከሌላ መንደር ከመጣ ጋር ቢለወጥ ዝምድና ያላቸው ዶሮዎች እንዳይዳቀሉ ይረዳል። ዕንቁላሉ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ንጹሕና ያልተሰነጠቀ ይሁን። የቆሸሸን ዕንቁላል አጥቦ ማስታቀፍ አይመከርም፤ ውኃው ጀርሙን በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ያስገባዋልና።

ዕንቁላሉ እስኪታቀፍ ድረስ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ቀዝቃዛና ጨለማ በሆነ ቦታ ይቀመጥ። ምድጃ አጠገብና ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ማስቀመጥ ጽንሱን ያበላሻል። ከተጣለ ሰባት ቀን ያልሞላው ቢሆን ይመረጣል፤ ከአሥር ቀን በላይ የቆየው ግን ለምግብ ወይም ለሽያጭ ይዋል። ከሩቅ በመኪና ወይም በእንስሳት ተጭኖ የመጣ ከሆነ ከመታቀፉ በፊት አንድ ቀን ማረፍ አለበት።

ታቃፊዋ ዶሮ ሰውነቷ የጠነከረ፣ ከዚህ በፊት ጫጩት ፈልፍላ ያሳደገች፣ ሰው ሲጠጋት ከጎጆዋ የማትበረግግ ትሁን። ቅማልና ቁንጫ ያለባት ዶሮ ዕንቁላሏን ትታ ትነሣለች፤ ጫጩቶቹንም ታስይዛቸዋለች። ስለዚህ ከመታቀፏ በፊት ከላባዋ ሥር ማየትና አመድ ከደረቅ አፈር ጋር ቀላቅሎ እንድትንከባለልበት ማድረግ ይገባል።

ጎጆው ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ዕንቁላሉ ተንከባሎ እንዳይወጣ ጎድጎድ ያለ ይሁን። ከሥር ጥቂት አፈር፣ ከላይ ንጹሕ ጭድ ይደረጋል። ቦታው ጭር ያለና ጨለም ያለ፣ አይጥና ድመት የማይደርስበት መሆን አለበት። በአገር ዶሮ ሥር ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት የአገር ዶሮ ዕንቁላል ይበቃል። ሙቀቷ ወደ 37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚጠጋው ከሥሯ ለሚገባው ዕንቁላል ብቻ ነው፤ በዳር የሚቀረው እየቀዘቀዘ በተራ ወደ መሐል ሲገባና ሲወጣ ሁሉንም ያበላሻል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ አሥራ ስምንትና ሃያ ማስታቀፍ ከአሥራ ሁለቱ የሚገኘውንም ያሳጣል።

ሃያ አንዱ ቀናት

ዶሮዋ በቀን አንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ ትነሣለች። በዚህ ጊዜ በቆሎ ወይም ማሽላና ንጹሕ ውኃ በቅርቧ ሊኖር ይገባል። መኖ ፍለጋ ርቃ ከሄደች ዕንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ እርሷም ትከሳለች። ሌሎች ዶሮዎች መጥተው እንዳይጥሉባት መከለል ያስፈልጋል። ሁሉም ዕንቁላሎች በከሰል ወይም በእርሳስ ምልክት ከተደረገባቸው፣ ኋላ የተጨመረውን ለይቶ ማውጣት ቀላል ነው።

በሰባተኛው ቀን ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ ዕንቁላሉን በእጅ ስልክ ባትሪ መመርመር ይቻላል። በካርቶን ላይ ከዕንቁላሉ ያነሰ ቀዳዳ ይበጃል፤ ባትሪው ከሥር ይበራል፤ የዕንቁላሉ ሰፊ ጫፍ በቀዳዳው ላይ ይቀመጣል። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮች ከታዩ ጽንስ አለ። ምንም ሳይታይ ጠርቶ የሚያበራ ከሆነ ዘር የለውም። የደም ቀለበት ብቻ የሚታይበት ደግሞ ጽንሱ ሞቷል። ዘር የሌለውና የሞተው ይወገድ፤ ጎጆ ውስጥ ከቆየ ሊበሰብስና ሊፈነዳ ይችላል።

ከ18ኛው ቀን በኋላ ዶሮዋን መነካካት ተገቢ አይደለም። ጫጩት ሲወጣ ቅርፊቱን በጣት መላጥም ሊያደማውና ሊገድለው ይችላል። ከአስኳሉ የቀረው ምግብ ስለሚያቆየው የመጀመሪያው ቀን ሳይበላ ቢያድር አይጎዳም። እናቲቱ ሌሎቹ እስኪወጡ በጎጆዋ ትቆይ።

ከተፈለፈሉ በኋላ

በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ከአንዷ እናት ወደ ሌላዋ ማዛወር ይቻላል። ይህ የሚደረገው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን፣ በምሽት፣ ከክንፏ ሥር በቀስታ በማስገባት ነው። ቀን ላይ ወይም ዘግይቶ ከተሞከረ እናቲቱ ባዕዱን ጫጩት ለይታ ትነክሳለች። በቆላ አንዲት ዶሮ እስከ ሃያ ጫጩት ትመራለች፤ በደጋ ግን ሌሊት ሁሉንም ከክንፏ ሥር ማስገባት ስላለባት ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ቢሆን ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ጫጩቶቹ ከእናታቸው ጋር በተከለለ ቦታ ቢቆዩ ከጭልፊትና ከዱር ድመት ይተርፋሉ። ትልልቅ ዶሮዎች የማያልፉበት፣ ጫጩት ብቻ የሚሾልክበት የእንጨት ወይም የቀርከሃ አጥር ከተሠራ የጫጩቶቹ መኖ አይቀማም። የተፈጨ በቆሎ ወይም ማሽላ ብቻውን አያሳድግም፤ የኑግ ፋጉሎ፣ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር ወይም ምስጥ ይጨመርበት። የውኃው ዕቃ ጠፍጣፋ ሆኖ ጠጠር ቢደረግበት ጫጩት ሰምጦ አይሞትም።

ከመታቀፍ ወይም ከጫጩት ነፃ የተደረገችው ዶሮ ለጥቂት ቀናት ጎጆ ጎጆዋን ትላለች። በየአካባቢው እግሯን አስሮ ማንጠልጠል፣ በአፍንጫዋ ላባ መሰካት፣ ውኃ ውስጥ መንከር ይደረጋል። ይህ ዶሮዋን ያሠቃያል፤ ጥቅሙም አስተማማኝ አይደለም። የተሻለው መንገድ ወለሉ ከመሬት ከፍ ባለና አየር ከሥር በሚያሳልፍ የእርብራብ ሳጥን ውስጥ፣ ብርሃን ባለበት ቦታ፣ መኖና ውኃ ሳይጓደልባት ሦስት አራት ቀን ማቆየት ነው። ጭድ የሌለበትና ከሥር የሚነፍስ ቦታ የመታቀፍ ፍላጎቷን ያበርደዋል። ጥሩ መኖ ካገኘች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ዕንቁላሏ ትመለሳለች።

መቼ ይታቀፍ?

በጥቅምት መጀመሪያ የታቀፈ ዕንቁላል በወሩ መጨረሻ ይፈለፈላል። ያን ጊዜ ዝናቡ አባርቷል፤ የአዝመራው ጥሬ በየአውድማው ይገኛል። ጫጩቶቹም ወደ ስድስት ወር ሲጠጉ ፋሲካ ይደርሳል። በየካቲት የታቀፈው ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ገበያ ይደርሳል። በሰኔና በሐምሌ የሚፈለፈል ጫጩት ግን ብርድና እርጥበት፣ የእህል እጥረትና የበሽታ ወቅት በአንድ ላይ ይገጥሙታል። በዚያን ጊዜ ዶሮዋን ከመታቀፍ ከልክሎ ዕንቁላሉን መሸጥ ይመረጣል።

ፈንግልና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ

ፈንግል ከገባ መንደሩን ሁሉ ይጠርጋል። በሽታው ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ነው። ኤች ቢ ዋን የተባለው ክትባት በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ፣ ላሶታ ደግሞ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ይሰጣል፤ ከዚያም በየጊዜው ይደገማል። ሙቀትን የሚቋቋም የጠብታ ክትባትም በአገር ውስጥ ቢሾፍቱ ይመረታል።

ችግሩ አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን መሆኑና ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ ያለበት መሆኑ ነው። ለአንድ ቤት አሥር ጫጩት ብልቃጥ የሚከፍት ባለሙያ የለም። አሥር ቤተሰቦች በአንድ ሳምንት አስታቅፈው ሃያ ሃያ ጫጩት ቢኖራቸው ግን 200 ጫጩት በአንድ ጠዋት ይከተባል። በአንድ ጊዜ የማስታቀፍ ትልቁ ጥቅም ያለውም እዚህ ላይ ነው። ክትባቱ በየመንደሩ ቢሰጥ እንጂ ዶሮዎችን ከየአቅጣጫው ገበያ ላይ ሰብስቦ መስጠት በሽታውን ሊያዛምት ይችላል። ከገበያ የተገዛ ዶሮም ከመንጋው ሳይቀላቀል ሁለት ሳምንት ለብቻው መቆየት አለበት።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ለዶሮ ሀብት ትኩረት እንዲሰጥ አድርጓል። የተሻሻሉ ዝርያዎችም በየወረዳው እየተሰራጩ ነው። ነገር ግን ለዕንቁላል ምርት ብቻ የተመረጡት እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉ ዶሮዎች የመታቀፍ ጠባያቸው በመረጣ እንዲጠፋ ተደርጓል። ዲቃላ በመሆናቸውም ከዕንቁላላቸው የሚወጣው ጫጩት የእናቱን ያህል አይጥልም። የአገር ዶሮዎቹን ጨርሶ ሸጦ በእነዚህ የተካ ቤተሰብ መንጋውን ለመተካት ዘወትር ከውጭ ጫጩት መግዛት አለበት። ስለዚህ በየቤቱ ሁለት ሦስት የአገር ታቃፊ ዶሮ እንዲቀር መምከር ያስፈልጋል። እንደ ኮኮክ ያለው ዝርያ ዲቃላ ስላልሆነ ዘር ያለው ዕንቁላሉ በአገር ዶሮ ሥር ሊታቀፍ ይችላል፤ ዕንቁላሉ ተለቅ ስለሚል ቁጥሩን ወደ ስምንትና ዘጠኝ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

የወረዳ ሪፖርቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት የተሰራጨ ጫጩት ነው። የተሰራጨው ሁሉ ግን አላደገም። በየቀበሌው የታቀፈበት ቀን፣ የተፈለፈለው፣ የተከተበውና ስምንት ሳምንት ሲሞላው በሕይወት ያለው ቢመዘገብ፣ የትኛው መንደር በምን ምክንያት ጫጩት እንደሚያጣ ይታወቃል። የቀበሌ የእንስሳት ሀብት ባለሙያዎችም በመስከረም ወር ውስጥ ከየመንደሩ እናቶች ጋር ተመካክረው የጥቅምቱን የማስታቀፊያ ሳምንት ቢወስኑና የክትባቱን ጥያቄ ከዚያ ቀን ጋር አያይዘው ለወረዳው ቢያቀርቡ፣ ብልቃጡ የሚደርሰው ጫጩቶቹ ከመፈልፈላቸው በፊት ይሆናል።