የወገብ ሕመም ሲባል የሚታለፈው የማኅፀን በር ካንሰር

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ አካባቢ የምትኖር እናት ወገቧን ስትታመም ምክንያቱ ሩቅ ተሂዶ አይፈለግም። ውኃ ቀድታለች፣ እንጨት ተሸክማለች፣ አጨዳ ላይ አጎንብሳ ውላለች። ቤተሰብ «ድካም ነው» ይላል፤ ሕመሙ ሲበረታ «ኩላሊት ይሆናል» ይባላል፤ አለዚያም ወጌሻ ይጠራል። በእርግጥም አብዛኛው የወገብ ሕመም ከሥራ ጫና የሚመጣ ነው። በጥቂት ሴቶች ላይ ግን የሕመሙ መነሻ ወገብ ሳይሆን ማኅፀን ነው።

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማኅፀን በር ካንሰር ነው። መንስኤው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ሲሆን፣ ከዓይነቶቹ መካከል 16 እና 18 የሚባሉት ሁለቱ ብቻ 70 በመቶ ለሚሆነው ሕመም ምክንያት ናቸው። ቫይረሱ ወደ ካንሰር እስኪያመራ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። በእነዚያ ዓመታት ሴትየዋ ምንም አይሰማትም።

ካንሰሩ ካልታከመ በመጀመሪያ በዙሪያው ያለውን አካልና በዳሌ ውስጥ የሚገኙትን የንፍፊት ዕጢዎች ይይዛል፤ ከዚያም ከወገብ አከርካሪ ፊት ለፊት ወደ ተደረደሩት ዕጢዎች ይወጣል። ከእነርሱ ወደ አጥንቱ ያለው ርቀት አጭር ነው። ሌላው መንገድ ደም ነው። ዳሌንና አከርካሪን የሚያገናኙት የደም መልስ ሥሮች እንደ እግር ደም መልሶች ደሙን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መዝጊያ የላቸውም። በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ መዝጊያ የሌለው ቦይ ውኃውን እንደ ግፊቱ ወደፊትም ወደኋላም ይወስዳል። ሴትየዋ ስታስል ወይም ሸክም ስታነሳ የሆድ ግፊት ስለሚጨምር፣ ደሙ የካንሰር ሕዋሳትን ይዞ ወደ አከርካሪ ሊገፋ ይችላል።

አጥንት ውስጥ የገባው ካንሰር በአብዛኛው አጥንቱን በቀጥታ አይበላም። አሮጌ አጥንት የሚያፈርሱትን የሰውነት የራሱን ሕዋሳት ከልክ በላይ ያነሣሣቸዋል። አጥንቱ እየሳሳ ሄዶ በቀላል ሸክም፣ አንዳንዴም ያለ ሸክም ይሰበራል። እንዲህ ያለውን ወገብ ማሸትና መጠምዘዝ እጅግ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የድካም ሕመም ጋደም ሲሉ ይቀላል፤ የካንሰሩ ግን ሌሊት ይብሳል፣ ከሳምንት ሳምንትም ይጠነክራል። ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሚታይ ደም፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽና የክብደት መቀነስ አብረው ካሉ ጥርጣሬው ይበረታል። ሌሊት የሚብስ ሕመም ሁሉ ግን ካንሰር አይደለም። የአከርካሪ ነቀርሳም፣ ጥሬ ወተት በሚጠጣባቸው ቤቶች የሚገኘው ብሩሴሎሲስም ወገብን ያሳምማሉ፤ ሁለቱም በመድኃኒት ይድናሉ። መለየት የሚችለው ሐኪም ነው።

እግር ሲዝል፣ ሲደነዝዝ ወይም ሽንት አልወጣ ሲል ግን ማደር አይገባም። የተጎዳው አከርካሪ ኅብለ ሰረሰርን እየተጫነ ሊሆን ይችላል። እየተራመደች ሕክምና የጀመረች ሴት መራመዷን የመቀጠል ዕድሏ ሰፊ ነው፤ እግሯ ፈጽሞ ከከዳት በኋላ የደረሰች ግን እንደገና የመቆም ዕድሏ ጠባብ ነው።

አጥንት የደረሰን ካንሰር ፈጽሞ ማዳን በአብዛኛው አይቻልም፤ ሥቃዩን ማስታገስ ግን ይቻላል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የሚገኘው ከአምቦ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው አዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በኋላ ጅማም ተጨምራለች። ለአጥንት ሕመም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር ብዙ ሕሙማንን እንደሚያስታግስ በጥናት ተረጋግጧል። የአልጋና የምግብ ወጪ ለሚያስጨንቀው የገጠር ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነውና፣ ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሞርፊንም «ሱስ ያስይዛል» በሚል ፍርሃት ሊቀር አይገባም።

በሽታው እዚህ ሳይደርስ የሚያዝበት መንገድ ግን ቀላል ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የ14 ዓመት ልጃገረዶች የመከላከያ ክትባቱን በትምህርት ቤት ሲያገኙ ቆይተዋል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ደግሞ አገልግሎቱን በሚሰጡ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ይመረመራሉ፤ ባለሙያዋ የማኅፀን በሩን እንደ ኮምጣጤ ያለ ፈሳሽ ቀብታ የነጣ ቦታ መኖሩን ታያለች። ቅድመ ካንሰር ከተገኘ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይወገዳል። ምርመራው ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፤ ለገበያ ከተማ የወጣች እናት ተመርምራ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች።