አሻራ ከማሳረፍ በፊት

ከጮቄ ተራራ ግርጌ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ በተዘረጋው የምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ ጉልበቱ የደከመ ገበሬም ሆነ ባሏ ሞቶባት ቆብ የጫነች ባልቴት፣ ጠምዶ የሚያርስላቸው ባጡ ጊዜ መሬታቸውን በመጋዞ ለዘመድ ወይም ለጎረቤት ሰጥተው ከምርቱ ድርሻቸውን እየተቀበሉ መኖራቸው የቆየ ልማድ ነው። ውሉ በቃል ሲጸና የኖረው ምስክሩ አጥቢያው፣ ዳኛውም ሽማግሌው ስለ ነበረ ነው፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ የጎዛምን ወረዳ አዲስና ጉሊት ቀበሌ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቦታዎች አንዱ ሆኖ የይዞታ ደብተር መታደል ከጀመረ ወዲህ ግን ነገሩ ሁሉ ወደ ወረቀት ተሻገረ፤ ወረቀቱን ማንበብ የሚሳነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለመሬቱ ራሱ ነው።

በኋላ በሌላ አዋጅ የተተካው የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133/1998 መሬት እስከ 25 ዓመት እንዲከራይ ፈቅዶ ነበር፤ ለጎልማሳ ይህ የውል ዘመን ነው፣ ሰባ ዓመት ለሞላው አረጋዊ ግን ከርስቱ መሰናበት ነው። አራሹ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ እህሉን ከጎተራ የሚያደርሰው፣ ሲታመሙም ቃሬዛ የሚሸከመው እርሱ ነው። ነገር ግን «እማሆይ፣ እዚህ ላይ ለ25 ዓመት ይላል፤ እርስዎ የተስማሙት ለስንት መኸር ነበር?» ብሎ ለመጠየቅ የመጨረሻው ሰው እርሱ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን አደጋ በኑዛዜ ረገድ አስቀድሞ አስቦበታል፤ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ ፈራሽ መሆኑን ከመደንገጉ ሌላ፣ ሞግዚቱ፣ ያስታመመው ሐኪም፣ መንፈሳዊ አባቱ ወይም ምስክሩ ከኑዛዜው የሚያገኘውን ጥቅም ዳኞች ሊቀንሱት ወይም ሊሽሩት እንደሚችሉ ጨመረበት፤ ቅርበት ራሱ ፈተና መሆኑን ሕግ አውጪው ዐውቋልና።

በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ ለድኾች የተከፈተ ደጅ ነው፤ ሆኖም ከቢቸና ወይም ከሞጣ ገጠር ተነሥቶ እዚያ የሚደርስ አረጋዊ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሻራውን ካሳረፈ በኋላ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ውሉን የሚያነብለት በጎ ፈቃደኛ ወደ መንደሩ ሊቀርብ ይገባል። ለቀብር መዋጮ መዝገብ የሚይዝ ጸሐፊ ያለው ዕድር፣ ያንኑ ጸሐፊ በወር አንድ ቀን ለአረጋውያን አባላቱ ውልና ውክልና እንዲያነብ ቢያዝዘው፣ ንዋይ የማይጠይቅ ትሩፋት በሆነ ነበር፤ አንባቢው ውሉ ከሚመለከተው መሬት ጋር ድንበር የማይጋራ ከሆነ።