ስለ መልእክት ፍጥነትና ስለ መለኪያው
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንገልጽላችሁ ጉዳይ በየመሥሪያ ቤቱ በየቀኑ የሚነሣ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይጣራ የሚታለፍ ነው። ይኸውም በኢንተርኔት መስመር የሚተላለፈው ጽሑፍና ሰነድ ፍጥነቱ በምን እንደሚለካና አንዱ መለኪያ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚመነዘር የሚመለከት ነው።

የማናቸውም መለኪያ ስሙ ብቻ ሳይሆን መጠኑም ሊታወቅ ይገባል። በጫግኒ ገበያ የሚነግድ ሰው ፈረሱላ 17 ኪሎ፣ ኩንታል ግን 100 ኪሎ መሆኑን ስለሚያውቅ ፈረሱላውን በኩንታል ዋጋ አይገዛም። በመልእክት ፍጥነት ረገድ ግን ይህን ጥንቃቄ የሚያደርጉ ጥቂቶች ናቸው።

የመለኪያዎቹ ሁሉ ታናሽ ቢት ይባላል። ቢት ማለት እንደ አምፑል መብራት ወይም መጥፋት፣ ከሁለት አንዱን ብቻ የሚያመለክት ምልክት ነው። 8 ቢት አንድ ባይት ይሆናል። በዛሬው አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ፣ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ «ጫግኒ» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ስም 9 ባይት፣ ማለትም 72 ቢት ነው።

እንግዲህ ስሕተቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። የሰነዱ ክብደት የሚነገረው በባይት ሲሆን፣ የመስመሩ ፍጥነት የሚነገረው በቢት ነው። ምክንያቱም ጥንታዊ ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ቦዶ እ.ኤ.አ. በ1874 ባወጣው የቴሌግራፍ ዘዴ እያንዳንዱ ፊደል በ5 ምልክት ይወከል ስለነበረ፣ የሽቦው ችሎታ የሚመዘነው በሴኮንድ በሚያሳልፈው ምልክት ብዛት ነበር። በኋላም የቴሌክስ መሣሪያ በሴኮንድ 50 ምልክት፣ በደቂቃም 400 ያህል ፊደል ያስተላልፍ ነበር። ባይት ግን የጎተራ መስፈሪያ ነው፤ በኮምፒዩተር ውስጥ የተከማቸው ይለካበታል።

በላቲን አጻጻፍ ሁለቱ የሚለዩት በአንዲት ፊደል መጠን ብቻ ነው፤ ትንሿ «ቢ» ቢትን፣ ትልቋ «ቢ» ባይትን ታመለክታለች። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው ዓይናችን ልዩነቱን በቀላሉ ይዘለዋል።

ጉዳቱን በምሳሌ እንይ። በጫግኒ የሚሠራ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ የወረዳውን መምህራን የደመወዝ ሰነድ ከነማስረጃው ዓርብ ወደ እንጅባራ፣ ለዞኑ መሥሪያ ቤት መላክ አለበት እንበል። ሰነዱ 300 ሜጋ ባይት ነው፤ መስመሩም በሴኮንድ 2 ሜጋ ቢት ይልካል። ሠራተኛው 300ን ለ2 አካፍሎ 150 ሴኮንድ፣ ማለትም 2 ደቂቃ ተኩል ይበቃኛል ብሎ በ11 ሰዓት ከ20 ይጀምራል። እውነተኛው ስሌት ግን 300 በ8 ተባዝቶ 2,400 ሜጋ ቢት፣ ለ2 ሲካፈል 1,200 ሴኮንድ፣ ማለትም 20 ደቂቃ ነው። ሥራ በ11 ሰዓት ተኩል ስለሚያበቃ ሰነዱ በ11 ሰዓት ከ40 ሲደርስ የሚቀበለው የለም። የመምህራኑም ደመወዝ ቢያንስ እስከ ሰኞ ይዘገያል። የ8 ብዜት ስለተረሳች የብዙ ቤተሰብ የቅዳሜ ገበያ ተስተጓጎለ ማለት ነው።

ሌሎችም ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ኪሎ ሺህ፣ ሜጋ ሚሊዮን፣ ጊጋ ቢሊዮን ቢሆንም፣ አንዳንድ ኮምፒዩተሮች በ1,000 ፈንታ በ1,024 ስለሚቆጥሩ የእነርሱ ሜጋ ባይት 1,048,576 ባይት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለዚህኛው «ሜቢ ባይት» የሚል የተለየ ስም አውጥቶለታል። ልዩነቱ ከመቶ 5 ያህል ነው። ሁለተኛ፣ የመላኪያውና የመቀበያው ፍጥነት እኩል ላይሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ከመልእክቱ ጋር አድራሻና መቆጣጠሪያ ምልክት አብሮ ስለሚጓዝ፣ በችኮላ ጊዜ ቢቱን ለ8 ሳይሆን ለ10 ማካፈል ይሻላል።

ስለዚህ ባይትን ወደ ቢት ስትለውጡ በ8 አባዙ፤ ቢትን ወደ ባይት ስትመልሱ ለ8 አካፍሉ። በሴኮንድ 16 ሜጋ ቢትና በሴኮንድ 2 ሜጋ ባይት አንድ ናቸው፤ ሁለት ነጋዴዎች ይህንን በተለያየ ዋጋ ቢያቀርቡላችሁ የምትመርጡትን ታውቃላችሁ። በውልና በጨረታ ሰነድ ላይም የመለኪያው ስም በምሕጻረ ቃል ሳይሆን በሙሉ ይጻፍ። የመንግሥት ገንዘብና የባለጉዳይ ጊዜ የሚጠበቀው እንዲህ ባለው ጥቃቅን ጥንቃቄ ነውና።