መርካቶ ስንት ሬክተር ነበር?

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ ተራራ አካባቢ መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር መርካቶ ውስጥ የሚነሣ ጥያቄ ነበር፦ «እዚህ ስንት ሬክተር ደረሰ?» አራተኛ ፎቅ ላይ ጨርቅ የሚሸጥ ወዳጄማ «እኛ ጋ ከስድስት አያንስም፣ ጣቃው ሁሉ ወረደ» ብሎ ሞግቶኛል። ጣቃው መውረዱን አምናለሁ፤ ጥያቄው ግን ከመነሻው ስህተት ነው።

ሬክተር የምንለው መንቀጥቀጡ ከተነሣበት ቦታ የወጣውን ጉልበት ነው፤ ለአንድ ርዕደ መሬት ቁጥሩ አንድ ብቻ ነው። ሲኒማ ራስ በር ላይ ድምፅ ማጉያ ቢተከል ጉልበቱ ያው ነው፤ ራጉኤል ቆሞ የሚሰማውና ጭድ ተራ ቆሞ የሚሰማው ግን ይለያያል። የካቲት 7 ቀን የተነሣው መጠኑ 6 ገደማ ነበር፤ ለመተሐራም ለመርካቶም ያው 6 ነው። የሚለያየው ንዝረቱ ነው፤ እሱም በርቀቱ፣ በአፈሩና በሕንፃው ይወሰናል። ምድር ቤት ያለው ሻጭ ምንም ሳይሰማው ፎቅ ላይ ያለው ወደ ደረጃው ሊሮጥ ይችላል። በዚያ ላይ ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር የሚወጣው ኃይል 32 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ «5 ከሆነማ ከ6 ብዙም አይለይም» የምትሉ ነጋዴዎች፣ በሸቀጣችሁ ላይ እንዲህ ያለ ሒሳብ አትሠሩም!

መንቀጥቀጡን የሚመዘግበው መሣሪያ ርቀቱን የሚነግረን በቀላሉ ነው፦ ፈጣኑ ሞገድ ቀድሞ ይደርሳል፣ ዘገምተኛው ይከተላል፤ በመካከል ያለውን ሰከንድ በ8 ብታባዙት ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግምት ይሰጣችኋል። ፈንታሌ በቀጥታ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቀን ልዩነቱ 16 ሰከንድ ገደማ ነው። ሞገዱ ስላለፈበት መንገድ ሁሉ ስለሚናገር፣ የነዳጅ ፈላጊዎች ባሕር ላይ በታመቀ አየር፣ ምድር ላይ በፈንጂ ራሳቸው ይፈጥሩታል፤ ከውቅያኖስ ወለል በታች ያለው እጥፋትና ስንጥቅ የሚታየው እንዲህ ነው። በ1995 ዓ.ም. ኢግል በተባለው ጥናት በስምጥ ሸለቆው ላይ ፈንጂ እየተፈነዳ ከ1,000 የሚበልጡ መዝጋቢ መሣሪያዎች ተዘርግተው ነበር።

በዚህ ሙያ ለእኔ ትልቁ ሰው ግን አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን በ1950 ዓ.ም. ገደማ ያቋቋሙት ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዊን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የርዕደ መሬት ታሪካቸው፣ መሣሪያ ያልነበረበትን ዘመን ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ማስታወሻ ለቅመው አሰባስበዋል። ነሐሴ 1898 ዓ.ም. ላንጋኖ አካባቢ የተነሣውና እስከ አዲስ አበባ የተሰማው ርዕደ መሬት እዚህ እንዴት እንደተሰማ ዛሬ የምናውቀው በእንዲህ ያለ ምስክርነት ነው።

እናም የመርካቶ ሰዎች፣ ሬክተሩን ለመዝጋቢዎቹ ተዉላቸው። ቀጥሎ ሲንቀጠቀጥ ሰዓቱን፣ ስንተኛ ፎቅ እንደነበራችሁና ምን እንደወደቀ ጻፉ።