ለመጽሐፍ አድራሻ የሚያወጡ ሰዎች

የፈተና ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ወንበር ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ጠጋ ብሎ ላየ ግን ከተቀመጡት ብዙዎቹ ከመደርደሪያ አንድም መጽሐፍ አላወረዱም። የያዙት የራሳቸውን ደብተርና መምህራቸው የሰጣቸውን ሃንድአውት ነው። የመጡት ለወንበሩ፣ ለመብራቱና ለጸጥታው ነው። ይህን የሚያናንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ተከፍቶ፣ ታናናሾቹ እየተሯሯጡበት ለሚያጠና ልጅ ጸጥ ያለ ወንበር ራሱ ትልቅ አገልግሎት ነው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ወጣቱ ወዲያው ያጥለቀለቀው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ችግሩ፣ ይህ ልማድ አንድ ሙያ ጋርዶብናል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያን የምናውቀው በር ላይ መታወቂያ ሲቀበል፣ ድምፅ ከፍ ሲል ሲገሥጽ፣ የተዋስነው መጽሐፍ ቀኑ ሲያልፍ ቅጣት ሲያስከፍል ነው። ዘበኛም ገንዘብ ተቀባይም ይህን ሊሠራ ይችላል። የሙያው እምብርት ያለው ግን አንባቢ በማያየው ክፍል ውስጥ፣ መጽሐፉ ከካርቶን ወጥቶ መደርደሪያ ላይ እስኪቀመጥ ባለው ጊዜ ነው። አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በተሳሳተ ቦታ የተቀመጠ መጽሐፍ ከተሰረቀ መጽሐፍ አይሻልም። እንዲያውም ይብሳል፤ የተሰረቀው ቢያንስ በቆጠራ ይታወቃል፣ ይህኛው ግን “አለ” እየተባለ የለም። ስለዚህ ባለሙያው ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አድራሻ ያወጣለታል።

አድራሻው በአብዛኛው የሚጀምረው ከቁጥር ነው። አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው አሠራር ዕውቀት ሁሉ ከ000 እስከ 999 በአሥር ዐበይት ክፍሎች ይደለደላል፤ 200ዎቹ ለሃይማኖት፣ 500ዎቹ ለሳይንስ፣ 800ዎቹ ለሥነ ጽሑፍ፣ 900ዎቹ ለታሪክና ለጂኦግራፊ ተሰጥተዋል። የኢትዮጵያ ታሪክ የሚፈልግ 963 ላይ ይቆማል። አሠራሩ ዘመናትን ተሻግሮ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ በስፋት ያገለግላል፤ ግን የወጣበትን አገርና ዘመን ፊት እንደያዘ ነው። በ800ዎቹ ውስጥ የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ 810ን፣ የእንግሊዝ 820ን፣ የጀርመን 830ን ሙሉ በሙሉ ይዘዋል። ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛ፣ ግዕዝና አማርኛ ግን 892 በምትባል አንዲት ጥግ ተፋፍገው የሚለያዩት ከነጥቡ በኋላ በሚመጣው ቁጥር ብቻ ነው። አማርኛ የደረሰው 892.87 ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ፍቅር እስከ መቃብርም፣ ትናንት ከማተሚያ ቤት የወጣው ልቦለድም እዚያው ይገባሉ።

ለንደን ውስጥ ባለ ተራ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ይህ ችግር አይፈጥርም፤ ሁለት መደርደሪያ የአማርኛ መጽሐፍ ቢኖር ነው። እዚህ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረ የአማርኛ ልቦለድ ሁሉ አንድ ቁጥር ከለበሰ፣ ቁጥሩ ምንም አይለይም። ስለዚህ የአገራችን ባለሙያ ከቁጥሩ ቀጥሎ በሚመጣው በደራሲው ስም ላይ ይደገፋል። ፈተናው የሚጀምረውም እዚያ ነው።

በአውሮፓ ልማድ ደራሲ የሚመዘገበው በቤተሰብ ስሙ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ አይወርድም። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ የፍቅር እስከ መቃብርን ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁን በሐዲስ ይመዘግባል፤ የማያውቅ ደግሞ ገልብጦ “ዓለማየሁ፣ ሐዲስ” ይላል፤ በዚህም ደራሲውን በአባታቸው ስም ይጠራቸዋል። አንዳንድ የውጭ አገር የመረጃ ቋቶች ይህን ስላደረጉ የአንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ሥራ ግማሹ በራሱ፣ ግማሹ በአባቱ ስም ተበትኖ ይገኛል።

ስሙ በትክክል ቢቀመጥ እንኳ ፊደሉ አለ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ስም እንውሰድ። “ብላቴን ጌታ” ማዕረግ ስለሆነ ለአመዘጋገብ አይቆጠርም። “ወልደ ሥላሴ” በሁለት ቃል ቢጻፍም አንድ ስም ነው፤ ለያይቶ “ሥላሴ”ን እንደ አያት ስም የወሰደ መዝጋቢ ተሳስቷል። “ኅሩይ” ደግሞ በመጻሕፍት ሽፋንና በጋዜጦች ላይ በኀ፣ በሐ እና በሀ ተጽፎ ይገኛል። አንባቢው በየትኛው እንደሚፈልግ አይታወቅም። ስለዚህ ባለሙያው አንዱን መርጦ ዋና ያደርጋል፣ ከሌሎቹም ወደ ዋናው የሚመራ መጠቆሚያ ያስገባል። እኒሁ ኅሩይ ራሳቸው በ1904 ዓ.ም. በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍትን ዝርዝር አዘጋጅተው ማሳተማቸውን ሳስብ ፈገግ እላለሁ፤ የአገራችን ቀደምት ካታሎግ አዘጋጅ ለካታሎግ አዘጋጆች እንቆቅልሽ ሆነው ቀሩ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ችግሩ ይቃለላል ተብሎ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ መግባቱ በእርግጥ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ከዚያ በፊት በአንዱ ፎንት የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ሆኖም ለኮምፒውተር ሀ እና ሐ ፍጹም የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንድ ናቸው ብሎ የነገረው ሰው ከሌለ በቀር “ሀዲስ” ብሎ ለጠየቀው “ሐዲስ”ን አያመጣለትም። ይህን የሚነግረው ፕሮግራም አዋቂው ብቻውን አይደለም፤ ሞክሼ ፊደላት የት የት እንደሚያሳስቱ በየዕለቱ የሚያየው የቤተ መጻሕፍት ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት። በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ አለ። ሽፋኑ ላይ “1958” ብቻ ያለበት መጽሐፍ በውጭ አገር መዝገብ እ.ኤ.አ. 1965 ወይም 1966 ነው፤ መስከረም ላይ ይታተም ሰኔ ላይ ካልታወቀ መቁረጥ አይቻልም። ጥንቁቅ ባለሙያ ሁለቱንም ይጽፋል። ግድ የለሹ 1958ን እንዳለ ይገለብጥና መጽሐፉን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

እስካሁን ያወራነው ሽፋንና ርእስ ስላለው የታተመ መጽሐፍ ነው። የብራና መጽሐፍ ሲመጣ ሥራው ወደ ምርመራ ይለወጣል። የርእስ ገጽ የለውም። የተጻፈበት ዓመትም ብዙ ጊዜ አይገኝበትም። በአንድ ጥራዝ ውስጥ ሦስትና አራት ድርሰት ተጠርዞ ሊገኝ ይችላል። መርማሪው ከጽሕፈቱ ቅርጽ፣ በጸሎቱ መካከል ከሚጠራው ንጉሥና ጳጳስ፣ ተፍቆ በሌላ ከተተካ የባለቤት ስም ተነሥቶ ዘመኑን ያሰላል። በዚህ ሙያ ስማቸው ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 በደርግ ወታደሮች ጥይት ቆስለው እግራቸው ሽባ ከሆነ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል ውስጥ በሚገኘው የሂል የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠውም ዐሥርተ ዓመታት ሠሩ። ወደዚያ የሚላከው እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ማይክሮፊልም የተነሣ የብራና መጽሐፍ ቅጂ ነበር፤ ቁጥሩ ከ9,000 በላይ ደርሷል። እሳቸውና ባልደረባቸው ዊልያም ማኮምበር ብዙዎቹን ከፍተው፣ ምን እንደሆኑ ለይተው፣ በተከታታይ ቅጾች መዘገቧቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት የተሰጣቸው ጌታቸው ይህን የቻሉት የተማሩ ምሁር ስለነበሩ ብቻ አይደለም፤ ግዕዙን ከነዜማው፣ ቅዳሴውን ከነሥርዓቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። አንድ ገጽ አንብበው ድርሰቱን የሚለዩት በዚህ ነው።

ከእነዚያ ቅጂዎች አንዱ ቁጥር 1832 ይባላል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት የነበሩት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳማቸው የሰጡት ወንጌል ነው። በውስጡ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎበታል። የቀድሞ አባቶች የንብረት መዝገብ የሚይዙት በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ነበር፤ ወንጌል አይጣልም፣ አይሸጥም፣ ስለዚህ መዝገቡም አይጠፋም። የመዝገብ አያያዝ ጥበብ ከዲዊ ጋር በመርከብ መጣልን ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ዝርዝር በቂ መልስ ነው።

ከመዝገቡ ወደ ሰው እንመለስ። ሁለተኛው የሙያው ክፍል ጠያቂን መስማት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚናቀውም ይኸው ነው። አንባቢ የሚጠይቀውና የሚፈልገው ሁልጊዜ አይገጥምም። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መጥታ “እትዬ፣ የታሪክ መጽሐፍ አለ?” ብትል፣ “963 ሂጂና ፈልጊ” ማለት ይቻላል። ሥራዋን የምታውቅ ባለሙያ ግን “አለ የኔ ልጅ፤ ስለምን ልትጽፊ ነው?” ትላለች። “ስለ አድዋ።” “ስለ ጦርነቱ ነው ወይስ ስለ ውሉ?” “እቴጌ ጣይቱ ምን እንደሠሩ ነው የተባልነው።” በሁለት ጥያቄ ፍለጋው ከአንድ ግድግዳ መጽሐፍ ወደ ሁለትና ሦስት መጽሐፍ ጠበበ፤ ምናልባትም መልሱ ያለው በታሪክ ክፍል ሳይሆን የሕይወት ታሪክ መደርደሪያ ላይ ነው። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፣ በትምህርት ቤት የሚሰጥ፣ የሚለመድና የሚፈተን ክህሎት ነው።

ጠያቂን መስማት የት ድረስ እንደሚወስድ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ያየ ያውቃል። በስደት አሜሪካ ገብተው የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማሩ፤ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ የብዙ አገር ቋንቋ መጽሐፍ በመደርደሪያው ሲኖር የአማርኛ አጡ። የሚገዛም አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2002 ቂሉ ማሞን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ራሳቸው አዘጋጅተው አሳተሙ፤ በሽያጩና በሰበሰቡት ርዳታ አገር ቤት ተመልሰው በሾላ ሰፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ልጆቹ ወዳሉበት ይሄዱ ነበር። መደርደሪያ ላይ ባዶ ቦታ ማየትና ባዶነቱን እንደ ጥያቄ መቁጠር፣ በእኔ ግምት፣ ከሙያው ሁሉ ከባዱ ነው።

እንቅፋት የሚሆነው ሁልጊዜ የሙያ ማነስ አይደለም። መጽሐፍ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ በንብረት መዝገብ ተቆጥሮ ለአንድ ሰው በፊርማ ሲሰጥ፣ አንዱ ቢጠፋ ከዚያ ሰው ደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ያ ሰው ምን ያደርጋል? ይቆልፋል። እኔም ብሆን እቆልፋለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራው ሙሉ ይሆናል፣ መጻሕፍቱም አዲስ እንደሆኑ አቧራ ይጠጣሉ። ሕንዳዊው ራንጋናታን ከሒሳብ መምህርነት ወደ ማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተዛውረው እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጧቸው አምስት ሕጎች የተከራከሩት በዋናነት ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ነበር። በእሳቸው ዘንድ የማይነበብ መጽሐፍ በደኅና መቀመጡ ሙገሳ አያሰጥም፤ የአንባቢን ጊዜ ማባከንም ጥፋት ነው። ያረጀና የተቀዳደደ ሽፋን የቤተ መጻሕፍት ሥራ ማስረጃ ተደርጎ እስኪቆጠር ድረስ፣ ባለሙያ ብናሠለጥንም ቁልፉ ከኪሱ አይወጣም።

ሥልጠናው አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤትን ከፍቶ በሁለተኛ ዲግሪ ማስተማር ጀምሯል። ከዚያ የሚወጡት ብዙዎቹ ወደ ኮምፒውተሩ ዘርፍ ማዘንበላቸው አይገርምም፤ ደመወዙ እዚያ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ግን ዛሬ የሚፈልገው ሁለቱንም ያጣመረ ሰው ነው፦ ኮሃን የመሰለ በነጻ የሚገኝ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ጭኖ የሚያስተካክል፣ የቆየ ጋዜጣ በእጁ ሳይፈረፈር ስካን የሚያደርግ፣ ለተማሪው ደግሞ የትኛው ድረ ገጽ እንደሚታመንና የትኛው እንደማይታመን የሚያሳይ።

አሁን ተማሪው መጽሐፍ የሚያገኘው በብዛት ከቴሌግራም ነው። በሺህ የሚቆጠር ፒዲኤፍ የተከመረባቸው ቻናሎች አሉ። የቅጂ መብቱን ጉዳይ ለጊዜው እንተወውና ፍለጋውን ብቻ እንመልከት፤ ፋይሉ “ስካን 014” ይባላል፣ ደራሲው የለም፣ ዓመቱ የለም፣ ገጽ 40 ላይ ተቆርጦ ይሁን ሙሉ የሚናገር የለም። ይህን ክምር ለማስተካከል የሚያስፈልገው ኮሌጅቪል ላይ ከተሠራው የተለየ አይደለም፤ ከፍቶ ማንበብ፣ ደራሲውን መለየት፣ ስሙን በአንድ ፊደል ማጽናት፣ ዓመቱን ከነአቆጣጠሩ መጻፍ። እስከዚያው በእጅ ስልኩ የሚፈልግ ሰው አንድ መላ አለው፤ “ሐዲስ” ብሎ ካጣ “ሀዲስ”፣ እሱም ካልሆነ “ሃዲስ” እያለ መሞከር።